የደከመልን ሲደክም

በአምቦ ጋሪ ሲስብ የኖረ ፈረስ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ ከከተማ ዳር ይለቀቃል፤ ሌሊትም ጅብ ከነነፍሱ ይበላዋል። አባቴም ዳማችንን ሊለቁት አስበው ነበር። እናቴ ግን፣ «12 ዓመት አብልቶን ለጅብ?» አሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ፈረሱ ማኘክ ካቃተው፣ ከወደቀበት መነሣት ከተሳነውና ሕመሙ የማይድን ከሆነ፣ የእንስሳት ሐኪም በመርፌ ያለ ሥቃይ ቢያሳርፈው ጭካኔ አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱ በሥጋው ውስጥ ስለሚቀር፣ በድኑን የበላ ውሻ፣ ጅብ ወይም ጥንብ አንሣ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከሁሉቃ ወንዝና ከጉድጓድ ውኃ ርቆ በጥልቅ ይቀበር።

የዳማን ጉድጓድ የቆፈሩት አባቴ ናቸው። እኛስ የደከመልን ሲደክም እንጥለዋለንን?