በወዳጅ ደጅ አልፈን አንሂድ

የሚነበብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 27፥1-3፤ 28፥11-16
ተጨማሪ ንባብ፦ ሮሜ 1፥11-12



ከካኩማ ናይሮቢ መድረስ ምን ያህል እንደሚያለፋ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ሙቭመንት ፓሱ አለ። እሱ ሲገኝ ደግሞ በሎድዋር፣ በኪታሌ፣ በኤልዶሬትና በናኩሩ አድርጎ የሚሄደው ረጅም የአውቶቡስ መንገድ አለ። ፓሱ ላይ የተጻፈው ምክንያት ሕክምና ወይም ትምህርት ሊሆን ይችላል። በልባችን ግን ሌላም ዝርዝር ይዘናል፦ ኪታሌ ያለው የአክስት ልጅ፣ ኢስሊ የምትኖረው አብሮ አደግ፣ ድንበሩን አብሮን የተሻገረው ሰው። "እግረ መንገዴን ልየው ይሆን?" እንላለን። ወዲያው ግን "ምን ይዤ? በምን ዓይኔ?" የሚል ሐሳብ ይመጣብናል። በዚህ የተነሣ ስንቶቻችን በወዳጃችን ደጅ አልፈን ተመልሰናል!

1. በፈቃድ የሄደው እንግዳ

ጳውሎስ በቂሳርያ ሁለት ዓመት ታስሮ ከቆየ በኋላ ወደ ሮም በመርከብ ተላከ። በማግሥቱ መርከቡ ሲዶና ሲደርስ፣ ይጠብቀው የነበረው የመቶ አለቃ ዩልዮስ ራርቶለት ወደ ወዳጆቹ እንዲሄድ ፈቀደለት። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። መቼ እንደሚሄድና መቼ እንደሚመለስ የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። ይህን ኑሮ እኛም እናውቀዋለን።

ጳውሎስ ለወዳጆቹ ምን ይዞ እንደሄደ አልተጻፈም። የተጻፈው ከእነሱ እርዳታ እንዲቀበል መሄዱ ነው። ይህ ሰው ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ያደረሰ ነው (ሮሜ 15፥25-26)፤ መስጠትን ያውቃል። በሲዶና ግን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። "እስረኛ ሆኜ አይዩኝ" ብሎ መርከቡ ውስጥ አልተደበቀም።

ሌላም ነገር አለ። ዛሬ ሳይዳ የምትባለው ሲዶና የፊንቄ ከተማ ነበረች። የዛሬይቱ ሊባኖስ መሆኗ ነው፤ ብዙ እህቶቻችን ለሥራ የሚሄዱበት አገር። ወንጌል ወደ ፊንቄ እንዴት ደረሰ? በእስጢፋኖስ ምክንያት በተነሣው ስደት የተበተኑ አማኞች ይዘውት ሄዱ (11፥19)። ታዲያ ያን ጊዜ ቤት ለቤት እየገባ ሰው ሲጎትት የነበረው ማን ነው? ሳውል ነው (8፥3)። እንግዲህ ጳውሎስን የተቀበሉት ወዳጆች የሚኖሩት፣ እሱ ካሳደዳቸው ስደተኞች ወንጌልን በሰማ አገር ነው። ከወዳጃችን ደጅ የሚያርቀን እፍረት ብቻ ካልሆነ፣ የድሮ ቅያሜም ካለበት፣ ይህን እናስታውስ።

2. ባዶ እጅ ምን ይሰጣል?

እኔም አንድ ጊዜ ለሕክምና ናይሮቢ ሄጄ ነበር። ኢስሊ ሱቅ ያለው አብሮ አደጌ እንዳለ እያወቅሁ ዐሥር ቀን ሙሉ አልሄድኩም። ጫማዬ ያለቀ፣ ኪሴ ባዶ። "ገንዘብ ሊለምን መጣ ይለኛል" ብዬ ፈራሁ። መመለሻዬ ሲደርስ ልቤ እምቢ አለኝና ሄድኩ።

ሲያየኝ አቀፈኝና አልለቅ አለ። ከዚያ ተቆጣ፦ "ዐሥር ቀን እዚህ ከርመህ ዛሬ ትመጣለህ?" ቡና ተፈላ። ቀስ ብሎ ነገረኝ። እናቱ አገር ቤት ካረፉ አራት ወር ሆኗቸዋል። ጎረቤቶቹ ለቅሶ ደርሰውታል። "ግን እኮ አንዳቸውም እሷን አያውቋትም" አለኝ። እኔ አውቃቸዋለሁ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቆሎ በእፍኛቸው እየሰፈሩ በኪሳችን ይጨምሩልን ነበር። ይህን ስነግረው አለቀሰ፣ ቀጥሎም ሳቀ። እስከ እኩለ ሌሊት ስለ እናቱ አወራን።

እኔ ባዶ እጄን የሄድኩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሲጠብቅ የኖረው እናቱን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ጳውሎስ ሮምን ከማየቱ በፊት ለዚያ ላሉት አማኞች በጻፈው መልእክት፣ ሊያበረታቸው ብቻ ሳይሆን እሱም በእነሱ እምነት ሊጽናና እንደሚናፍቅ ነግሯቸዋል። ጉብኝት የአንድ ወገን ስጦታ አይደለም። እንግዳውም ባለቤቱም አንዳቸው ሌላውን ያጽናናሉ።

3. ለቀረነውስ?

"እኔ ፓስ የለኝም፤ ይህ ትምህርት ለእኔ አይሆንም" የምትሉ ትኖራላችሁ። ወደ ሮም ወንድሞች ተመልከቱ። ጳውሎስ እየመጣ መሆኑን ሲሰሙ ከተማቸው ሆነው አልጠበቁትም። አንዳንዶቹ ሦስት ማደሪያ እስከሚባለው ቦታ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሌሎቹም እስከ አፍዩስ ፋሩስ፣ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ተቀበሉት። ይህ ከካኩማ እስከ ሎድዋር ያለው መንገድ ግማሽ ያህል ነው። ጳውሎስ ባያቸው ጊዜ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ልቡም ተጽናና። ሰንሰለቱ አልተፈታም፤ ልቡ ግን በረታ።

እኛም አውቶቡስ ወደሚቆምበት መውጣት እንችላለን። ሌላ ብሎክ ያለውን፣ ከታመመ ወዲህ ያላየነውን ወዳጅ መጠየቅ እንችላለን።

ለሚሄዱ ደግሞ ሦስት ምክር፦

• ከመነሣታችሁ በፊት "ለማን ሰላምታ ላድርስ?" ብላችሁ ጎረቤት ጠይቁ። የሰው ናፍቆት ማድረስ ትልቅ ስጦታ ነው።
• የተቀባዩን ቤት አታክብዱ። ምሳሌ 25፥17 ጎረቤትን በመመላለስ እንዳናሰለች ይመክረናል።
• በቀናችሁ ተመለሱ። ጳውሎስ ከወዳጆቹ ቤት ወደ መርከቡ ተመልሷል፤ የዩልዮስን እምነት አላጎደለም።

ለውይይት

1. አልፋችሁት የሄዳችሁት የወዳጅ ደጅ አለ? ምን ከለከላችሁ?
2. ከመስጠትና ከመቀበል ለእናንተ የሚከብደው የትኛው ነው? ለምን?
3. በዚህ ሳምንት ወጥታችሁ የምትቀበሉት ወይም የምትጠይቁት ማነው?

እንጸልይ

ጌታ ሆይ፣ በየአገሩ የተበተኑትን ዘመዶቻችንንና ወዳጆቻችንን አስብ። እፍረታችንን አርቅልን። ቅያሜ ባለበት እርቅን ስጠን። በመንገድ ያሉትን ጠብቅ፤ በራችንን ለሚያንኳኳም ልባችንን ክፈት። አሜን።