ጥዳችን ለምን ይደርቃል?

ጥድ ግቢ ያሳምራል፤ ነፋስ ይከላከላል። ስለዚህ በቤታችንና በትምህርት ቤታችን ዙሪያ እንተክለዋለን። አንዳንድ ጊዜ ግን አረንጓዴው ጥድ ይቀላና ይደርቃል። «ፀሐይ መታው፤ ውሃ ጠማው» ብለን እንተወዋለን። ውሃ ማጣት ጥድን ያደርቃል። ነገር ግን ሌላም ጠላት አለው።

በመጀመሪያ ዛፋችንን እንለይ። የሐበሻ ጥድ የአገራችን ዛፍ ነው። ፍሬው ትናንሽና ለስላሳ ነው፤ ሲበስል ይጠቁራል። የፈረንጅ ጥድ የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ነው። ፍሬው ድብልብልና ጠንካራ ነው፤ ሲደርቅ ተከፍቶ ዘሩን ያፈሳል። ቶሎ ስለሚያድግ ለአጥር ብዙ ጊዜ የምንተክለው እሱን ነው።

ጠላቱ የጥድ ክሽክሽ ይባላል። በአተርና በጎመን ላይ የምናየው ክሽክሽ ዘመድ ነው። መልኩ ግን ቡናማ ነው። በአፍሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ ታየ፤ በ1990 ኬንያ ደረሰ። በኋላም ወደ አገራችን ገባ። የሐበሻውን ጥድም አይምርም።

ክሽክሹ በቅርንጫፉ ላይ ተሰብስቦ የዛፉን ፈሳሽ ይመጣል። ምራቁም ዛፉን ይመርዘዋል።

እንዴት እናውቀዋለን? ቅርንጫፉን ገለጥ አድርገን ውስጡን እንይ። ጉንዳን ሲመላለስ፣ ቅጠሉ እንደ ማር ሲያጣብቅ፣ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ ሲይዘው ክሽክሽ አለ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ባሕር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ጥድ ግን እንዲህ አይደለም፤ ቅጠሉ ያለቀ ቅርንጫፍ ተመልሶ አይለመልምም። ስለዚህ ገና ጥቂት ቅርንጫፍ ሲያዝ ቆርጠን እናቃጥል። ከታመመ ቦታ ችግኝ አናምጣ። መድኃኒት ከመርጨታችን በፊት የግብርና ልማት ሠራተኛውን እናማክር። ንቦቻችን ያንን ጣፋጭ ፈሳሽ ሊቀስሙ ይመጣሉና መርዙ እነሱንም ይገድላል። አዲስ ስንተክልም ጥድ ብቻ አንትከል፤ ከሌላ ዛፍ ጋር እናሰባጥር። አንዱ ቢታመም ሌላው ይተርፋል።

አባቶቻችን «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላሉ። ነገ ጧት ወደ አጥራችን ወጥተን ጥዳችንን እንመልከት።

ጥያቄዎች
1. የሐበሻን ጥድ ከፈረንጅ ጥድ በምን እንለያለን?
2. ክሽክሽ መኖሩን በምን እናውቃለን?
3. የታመመውን ቅርንጫፍ ቶሎ መቁረጥ ለምን ያስፈልጋል?