የላፕቶፕ ተችፓድ አልታዘዝ ሲል በጽሕፈት ቤት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ



ዛሬ የነጋዴ ጽሕፈት ቤት ሥራ በአብዛኛው በላፕቶፕ የሚከናወን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ፕሮፎርማው፣ የዕቃው ዝርዝር፣ ከባንክ ጋር የሚደረገው መጻጻፍና የደመወዙ መዝገብ የሚዘጋጀው በእርሱ ነው። ሚዛኑንና ሜትሩን ሳይመረምር ሱቁን የማይከፍት ነጋዴ ግን የጽሕፈት መሣሪያውን ለመመርመር እምብዛም አያስብም። መሣሪያው ሲበላሽም ወይ አዲስ እንዲገዛ ያዛል፤ ወይም ብልሽቱን ችሎ ይሠራበታል። ሁለቱም መንገዶች ጉዳት አላቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ይህን ትምህርት እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ጠረጴዛ ላይ የደረሰ ነገር ነው። የጨርቃ ጨርቅ አስመጪ በሆኑት በአሠሪዬ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ጨረታ የዋጋ ማቅረቢያ በማዘጋጅበት ጊዜ፣ በመስኮቱ ላይ የምትታየው ጠቋሚ ቀስት ያለ ትእዛዝ እየዘለለች ከአንዱ ሣጥን ወደ ሌላው ትገባ ነበር። በዚህም ምክንያት የአንዱ ሜትር ዋጋ 185 ብር መሆን ሲገባው 18 ብር ሆኖ፣ 5 ቁጥር ከአጠገቡ ባለው የብዛት ሣጥን ውስጥ ተጽፎ ተገኘ። ማኅተም ከመደረጉ በፊት ከሒሳብ ሹሙ ጋር ድምፃችንን አሰምተን ባናነበው ኖሮ፣ አሠሪዬ የ185 ብሩን ጨርቅ በ18 ብር ለማቅረብ በፊርማቸው ግዴታ በገቡ ነበር።

በዚያው ወር በሒሳብ ክፍሉ ያለው ሁለተኛ ላፕቶፕ ተመሳሳይ ምልክት አሳየ። ቀስቷ ትዘላለች፤ ገጹንም ሲጫኑት እንደ ቀድሞው ቀጭ አይልም። ተችፓዱ ከቦታው ጥቂት ከፍ ብሎ ስላየሁት ዝቅ ይልልኛል ብዬ ከባድ የሒሳብ መዝገብ ጭኜበት ወደ ቤቴ ሄድሁ። ይህ ያደረግሁት ነገር ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበረ የተረዳሁት በኋላ ነው። የሁለቱ መሣሪያዎች ምልክት አንድ ሲሆን ምክንያታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነበር። የአንደኛው ያለ ወጪ ተስተካከለ፤ የሁለተኛው ከክፍላችን ሥር የጨርቅ ጣቃ የተከመረበትን መጋዘን ሊያቃጥል የሚችል ነበር። እንግዲህ ምርመራውን በተራ በተራ ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ ለመረዳት ይቻላል።

የተችፓዱ አሠራር

ተችፓድ ማለት ከፊደል ሰሌዳው በታች ያለው፣ ጣታችንን እያንሸራተትን ቀስቷን የምንመራበት ለስላሳ ገጽ ነው። በቀድሞዎቹ ላፕቶፖች ላይ ይህን ሥራ ከሚሠሩት መሣሪያዎች አንዱ የምትሽከረከር ትንሽ ኳስ ነበረች። አፕል እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ፓወርቡክ 500 በተባለው ላፕቶፕ ላይ ኳሷን በዚህ ገጽ ተካ። ከገጹ ሥር በቁመትና በአግድም የተዘረጉ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች አሉ። የሰው ጣት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ስለሆነ ወደ ገጹ ሲጠጋ በመስመሮቹ መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለውጣል፤ መሣሪያውም ይህን ለውጥ ለክቶ ጣቱ ያለበትን ስፍራ ያውቃል። ስለዚህ በደረቅ እንጨት ወይም በወፍራም ጓንት ቢነኩት አይሰማም። የውሃ ጠብታ፣ የእጅ ወዝ ወይም ከሶኬቱ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ሲያገኘው ደግሞ ጣት የሌለበትን ስፍራ ጣት እንዳለበት አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪው ይታይ

በብዙ ላፕቶፖች ባትሪው የሚገኘው ከመዳፍ ማሳረፊያውና ከተችፓዱ ሥር ነው። ይህ ሊቲየም አዮን የተባለው የባትሪ ዐይነት ሲያረጅ ወይም ሲጎዳ በውስጡ ጋዝ ስለሚፈጠር እንደ ትራስ ያብጣል፤ ተችፓዱንም ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ላፕቶፑ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል፤ ክዳኑ በሚገባ አይገጥምም፤ ተችፓዱ ከፍ ይላል ወይም ሲጫኑት ይደርቃል፤ የታችኛው ሽፋን በመገጣጠሚያው በኩል ይከፈታል።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ እንኳ ቢታይ የቤት ውስጥ ጥገናው በዚያው ያበቃል። መሣሪያው ወዲያውኑ ይዘጋ፤ ቻርጀሩም ይነቀል፤ እንደገና ቻርጅ አይደረግ። እኔ እንዳደረግሁት ክብደት አይጫንበት፤ በመርፌም ሆነ በቢላዋ አይወጋ፤ አይታጠፍ። ያበጠ ባትሪ ሲጨቆን ወይም ሲበሳ በድንገት ሊነድድ ይችላል። ከወረቀት፣ ከጨርቅና ከሚቀጣጠል ነገር ሁሉ ተለይቶ በጥንቃቄ ወደ ባለሙያ ይወሰድና ባትሪው ይለወጥ። የወጣው አሮጌ ባትሪ ወደ ቆሻሻ መጣያ ወይም ወደ እሳት አይጣል። የእኛም ሁለተኛ ላፕቶፕ ባትሪው ከተለወጠለት በኋላ ተችፓዱ ያለ ሌላ ጥገና ወደ ቦታው ተመለሰ።

ባትሪው ደኅና ከሆነ የሚከተለው ቅደም ተከተል

አንደኛ፤ የተጀመረው ጽሑፍ እንዳይጠፋ የኮንትሮልን ቁልፍ ከኤስ ፊደል ጋር በመጫን ይቀመጥ፤ ከዚያም ላፕቶፑ ጠፍቶ እንደገና ይነሣ። ብዙ ጊዜያዊ ስሕተት በዚህ ብቻ ይወገዳል።

ሁለተኛ፤ እጅና ገጹ ይጽዱ። ላፕቶፑ ጠፍቶና ቻርጀሩ ተነቅሎ፣ በጥቂት ውሃ ወይም በ70 በመቶ አልኮል በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ገጹ ይወልወል። ፈሳሹ የሚነካው ጨርቁን እንጂ መሣሪያውን አይሁን። በረኪና ፈጽሞ አይነካው። ምሳ በልተው እጃቸውን ሳያደርቁ ወደ ሥራ የሚመለሱ ሰዎች ይህን ያስታውሱ።

ሦስተኛ፤ ቻርጀሩ ይነቀልና በባትሪ ብቻ ይሠራበት። ቀስቷ መዝለሏን ከተወች ጥፋቱ ከኤሌክትሪኩ በኩል ነው። በቤታችን 220 ቮልት በሚያልፍበት ሶኬት፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ግራውንድ የሚሉት የመሬት መስመር ካልተገናኘ፣ ከቻርጀሩ የሚያፈተልከው ጥቂት ኤሌክትሪክ የተችፓዱን ልኬት ያዛባል። የብረት ሽፋን ያለውን ላፕቶፕ ሲነኩት መዳፍን ነዘር የሚያደርገው ይኸው ነው። የእኔም ላፕቶፕ ነገር ይህ ሆኖ ተገኘ፤ ቻርጀሩን ከአሮጌው ዲቫይደር ነቅዬ የመሬት መስመር ባለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ብሰካው ቀስቷ ጸጥ አለች። የተመሰለ ርካሽ ቻርጀርም ተመሳሳይ ጥፋት ያመጣል። የሶኬቱን መስመር የሚነካ ግን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ብቻ ይሁን።

አራተኛ፤ ተችፓዱ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ምናልባት ሳይታወቅ ተቆልፎ ይሆናል። በፊደል ሰሌዳው የላይኛ ረድፍ ላይ የተችፓድ ሥዕል ያለበት ቁልፍ ካለ፣ እርሱ ብቻውን ወይም ኤፍኤን ከተባለው ቁልፍ ጋር ይጫን። በአንዳንድ የኤችፒ ላፕቶፖች ደግሞ በተችፓዱ ግራ ላይኛ ማዕዘን ትንሽ መብራት አለች፤ ማዕዘኑን ሁለት ጊዜ ቶሎ መታ መታ ቢያደርጉት ይከፈታል።

አምስተኛ፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ማውስ ተውሰው ማስተካከያውን ይመልከቱ። በዊንዶውስ 11 የዊንዶውስን ቁልፍ ከአይ ፊደል ጋር ሲጫኑ ሴቲንግስ ይከፈታል፤ ከዚያ ብሉቱዝ ኤንድ ዲቫይስስ፣ ቀጥሎም ተችፓድ ይመረጣል። ማብሪያው መከፈቱ፣ ማውስ ሲሰካም ተችፓዱ እንዳይጠፋ መታዘዙ ይታይ። በምትጽፉበት ጊዜ መዳፋችሁ እየነካው ቀስቷ የምትዘልል ከሆነ ሴንሲቲቪቲ የተባለው ወደ ሎው ዝቅ ይደረግ።

ስድስተኛ፤ ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልዳነ፣ ድራይቨር የሚባለው መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም ይታደስ። የዊንዶውስን ቁልፍ ከኤክስ ጋር፣ ቀጥሎ ኤምን ሲጫኑ ዲቫይስ ማኔጀር ይከፈታል። ተችፓዱ በማይስ ወይም በሂውማን ኢንተርፌስ ዲቫይስስ ሥር ይገኛል። ስሙን በሚገባ ለይታችሁ አንኢንስቶል አድርጉትና ላፕቶፑን እንደገና አስነሡት፤ ዊንዶውስ ብዙውን ጊዜ ራሱ መልሶ ይተክለዋል።

ሰባተኛ፤ የቀረው ምክንያት ተችፓዱን ከውስጥ የሚያገናኘው እንደ ጥብጣብ ያለ ስስ ገመድ መላቀቁ፣ ወይም የገጹ ራሱ መበላሸት ነው። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ላፕቶፑ ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት የሒሳብ ሰነዶቻችሁን ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ያደረጋችሁትንም በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ለባለሙያው ስጡት፤ የተመረመረውን ነገር እንደ አዲስ መርምሮ ዋጋ እንዳያስከፍላችሁ ይረዳል።

ማሳሰቢያ

ምርመራው እስኪፈጸም ድረስ በታመመው ተችፓድ ዋጋ ያለበት ሰነድ አይዘጋጅ፤ በተዋሱት ማውስ ይሠራ። ቀስቷ ትዘልል በነበረበት ጊዜ የተጻፉት ሰነዶችም ሁሉ ተመልሰው ይታረሙ። እኛ በጽሕፈት ቤታችን እንዲህ ብናደርግ፣ ቀድሞ በወጡ ሁለት ደብዳቤዎች ላይ የተሳሳተ ቁጥር አግኝተን ለደንበኞቻችን የማረሚያ ደብዳቤ ጽፈናል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም የዋጋ ማቅረቢያ አንዱ እያነበበ ሌላው እየተከታተለው ካልታረመ በቀር ማኅተም እንዳይነካው አሠሪዬ አዘዋል።