ለጣት የሚመች ካልኩሌተር እንዴት ይመረጣል?

ካልኩሌተር ሊገዛ ሱቅ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው፤ ተማሪ የኾነ እንደ ኾነ ደግሞ ስንት ዐይነት ሥራ እንደሚሠራ ይጠይቃል። ቍልፉ ለጣት ይመች እንደ ኾነ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ብዙ ቍጥር ለሚደምር ሰው ከኹሉ አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው ቍልፉ መኾኑን ነው።

አኒታ የተባለው ኤሌክትሮኒክ የጠረጴዛ ካልኩሌተር እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1961 በእንግሊዝ አገር ሲወጣ ትልቅ መኪና ነበር። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እየቀነሰ ሄዶ ከኪስ ገባ፤ የሰው ጣት ግን አልቀነሰም።

እናቴ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ስለ ኾነች በየወሩ የአባላቱን መዋጮ ትደምራለች። ሒሳቡ ቢጐድል የምትጠየቀው እርስዋ ናት፤ ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳስባት ስሟ ነው። ስለዚህ ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል።

በካልኩሌተር ላይ 7፥ 8፥ 9 ከላይ፤ 4፥ 5፥ 6 ከመካከል፤ 1፥ 2፥ 3 ከታች ይገኛሉ። ጣት ወደ ጎረቤት ቍልፍ በጐን ቢስት የአኃዙ ልዩነት 1 ነው፤ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢስት 3 ነው። 250 ሲጻፍ ጣት ከ2 ወደ 5 ቢወጣ 550 ይኾናል፤ 300 ብር ተሳሳተ ማለት ነው። በስልክ ላይ ደግሞ 1፥ 2፥ 3 ያሉት ከላይ ስለ ኾነ፥ ስልክ የለመደ ጣት በ1 ፈንታ 7ን ሊነካ ይችላል።

ሁለት አኃዞች ቦታ ቢለዋወጡ፥ ለምሳሌ 450 በ540 ቢተካ፥ ልዩነቱ 90 ነው። አንድ ዜሮ ተደርቦ 500 ወደ 5000 ቢለወጥ ልዩነቱ 4500 ነው። ሁለቱም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ሒሳብ አልገጥም ሲል ልዩነቱን ለ9 አካፍሎ ማየት የቈየ ዘዴ ነው።

እንግዲህ ስንመርጥ የሚከተሉትን እንመልከት፤

1ኛ፤ ቍልፉ ከጣት ጫፍ ሰፋ ያለ፥ በቍልፎቹም መካከል ክፍተት ያለ ይኹን።

2ኛ፤ ሲጫኑት ወደ ታች መውረዱ ለጣት ይታወቅ፤ ተጣብቆም አይቅር።

3ኛ፤ በ5 ላይ ትንሽ ጕብታ ይኑር፤ ዐይን ከወረቀቱ ሳይነሣ ጣት ቦታውን ያገኛል።

4ኛ፤ ኹሉን የሚያጠፋው ቍልፍ ከደማሪው ቍልፍ የራቀ ይኹን።

5ኛ፤ ከሥሩ ጎማ ይኑረው፤ ሲጫኑት የሚንሸራተት መሣሪያ ጣትን ያስታል።

6ኛ፤ 12 አኃዝ የሚይዝ ቢኾን ይሻላል፤ 1,250,000.75 ብቻውን 9 አኃዝ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ 123456789ን ጽፋችሁ 987654321ን ደምሩበት። መልሱ 1111111110 ነው። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቍልፎች ኹሉ ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚነኩ፥ አንዱ ሳይጽፍ ቢቀር ወይም ደጋግሞ ቢጽፍ ውጤቱ ያጋልጠዋል። ዜሮን ለብቻው ፈትኑ። 8 አኃዝ ብቻ የሚይዝ መሣሪያ ዘጠነኛውን አኃዝ ስለማይቀበል ገና ከመጀመሪያው ይወድቃል።

ፈታኙም ሻጩ ሳይኾን በመሣሪያው የሚሠራው ሰው ራሱ ይኹን። ለእኔ ቀጭን ጣት የተመቸው ቍልፍ በሥራ ብዛት ለወፈረው ለእናቴ ጣት ላይመች ይችላልና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በችኰላ የተገዛ መሣሪያ በሥራ ሰዓት ያሳፍራል። ስለዚህ፥ ጓደኞቼ ሆይ፥ ለወላጆቻችሁ ካልኩሌተር ልትገዙ ስትሄዱ እነርሱን ይዛችሁ ሂዱ።