በሰው የሚታወቅ ትዳር፣ በወረቀት የሚጠየቅ ትዳር፦ የአሜሪካ የትዳር ጓደኛ ቪዛ ቃለ መጠይቅ ከኢትዮጵያ የጋብቻ ማስረጃ አንጻር

ረቂቅ

ይህ አጭር ጽሑፍ የአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ነዋሪዎች በኢትዮጵያ ለሚኖሩ የትዳር ጓደኞቻቸው የሚጠይቁትን የኢሚግራንት ቪዛ ሂደት፣ በተለይም ቃለ መጠይቁን ይመረምራል። ዘዴው የሕግና የሰነድ ትንተና ነው። ጽሑፉ እውነተኛ ትዳር ያላቸው ሰዎች በቃለ መጠይቅ ከሚቸገሩባቸው ምክንያቶች አንዱ የማስረጃ ሥርዓት ልዩነት መሆኑን ያሳያል። በኢትዮጵያ ትዳር በዋናነት በሰው ዕውቀት ሲረጋገጥ በቆንስላው መስኮት ግን በሰነድና በቃል መጣጣም ይመዘናል። ስለዚህ ዝግጅት ማለት መልስ ማጥናት ሳይሆን፣ ያለውን እውነት ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው በጥንቃቄ ማሸጋገር ነው የሚል መከራከሪያ ያቀርባል። በየጊዜው በሚወጡ አስተዳደራዊ ውሳኔዎች የሚለዋወጡ እገዳዎችና የጊዜ ሰሌዳዎች ከጽሑፉ ወሰን ውጭ ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የትዳር ጓደኛ ቪዛ፣ የቆንስላ ቃለ መጠይቅ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ አንድ ጋብቻ መፈጸሙን የሚያውቁት ለሽምግልና የተላኩት፣ ድንኳን የተከሉት፣ ሰርጉን የበሉትና በመልሱ የተገኙት ሰዎች ናቸው። ባልና ሚስት «መጋባታችሁን አስረዱ» ቢባሉ ጥያቄው ራሱ ግራ ያጋባቸዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማስረዳት አልለመዱምና። በቆንስላ መስኮት ፊት ግን ሰፈር የለም። ያለው አንድ ፋይል፣ አንድ የቆንስላ ሹምና አጭር ጊዜ ነው። ጠሪው የትዳር ጓደኛ በሌላ አህጉር ነው፤ አመልካቿ ወይም አመልካቹ የሁለት ሰው ሕይወት ብቻውን ይመሰክራል። ከዚህ ምስክርነት በኋላ የሚሰጠው ውሳኔ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር አለመኖራቸውን፣ ልጆችም ከሁለቱም ወላጆች ጋር ማደግ አለማደጋቸውን ይወስናል።

2. የሂደቱ አወቃቀር

የሂደቱ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ነው። በዚህ ሕግ የአሜሪካ ዜጋ የትዳር ጓደኛ ዓመታዊ የቪዛ ቁጥር ገደብ አይመለከተውም። የቋሚ ነዋሪ (የግሪን ካርድ ባለቤት) የትዳር ጓደኛ ግን በቁጥር ገደብ ውስጥ ስለሚወድቅ ተራውን በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ማስታወቂያ መጠበቅ አለበት።

ጠሪው በመጀመሪያ ቅጽ አይ-130ን ለአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት ያቀርባል። ጥያቄው ሲጸድቅ ፋይሉ ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይተላለፋል። በዚህ ደረጃ ክፍያ ይፈጸማል፤ አመልካቹ ቅጽ ዲኤስ-260ን ይሞላል፤ ጠሪውም ቅጽ አይ-864 በተባለው የድጋፍ ቃል ገቢው በመደበኛው ስሌት ከፌዴራሉ የድህነት መመዘኛ 125 በመቶ እንደማያንስ ያሳያል። ገቢው ካልበቃ ሌላ ሰው በጋራ ዋስትና ሊገባለት ይችላል። የልደት፣ የጋብቻና የፍቺ ሰነዶች እንዲሁም ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ የፖሊስ ማስረጃ አብረው ይቀርባሉ። በዓረብ አገር ከአንድ ዓመት በላይ የኖረ አመልካች ከዚያ አገርም የፖሊስ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል ይህን ቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች ኤምባሲው በሰየማቸው ሐኪሞች የሚደረገው የጤና ምርመራና ቃለ መጠይቁ ናቸው።

አመልካቹ አሜሪካ በሚገባበት ዕለት ትዳሩ ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚያገኘው የመኖሪያ ፈቃድ ለሁለት ዓመት የሚቆይና ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው። ፈቃዱ ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስቱ በቅጽ አይ-751 አማካይነት ትዳራቸውን እንደገና ያስረዳሉ። ይህ ሥርዓት የመጣው የጋብቻ ማጭበርበርን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣው ማሻሻያ ነው። ጥርጣሬው እንግዲህ የአንድ ሹም ጠባይ ብቻ ሳይሆን በሕጉ መዋቅር ውስጥ የተገነባ ነው።

3. ሁለት የማስረጃ ሥርዓቶች

የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሦስት የጋብቻ አፈጻጸሞችን ይቀበላል፤ እነዚህም በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸሙ ጋብቻዎች ናቸው። በየትኛውም መንገድ ቢፈጸም ጋብቻው መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ያዛል። የምስክር ወረቀት በሌለ ጊዜ ግን ሌላ በር ይከፍታል። ሁለቱ ሰዎች ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ቆጥረው ከኖሩ፣ ቤተሰባቸውና ማኅበረሰቡም እንደዚያው ካወቃቸው፣ ይህ ሁኔታ በምስክሮች ሊረጋገጥ ይችላል። የማኅበረሰብ ዕውቀት በዚህ ሕግ ፊት ሙሉ ማስረጃ የመሆን ዕድል አለው።

በአሜሪካ ሕግ በኩል ሁለት ጥያቄዎች ይነሳሉ። የመጀመሪያው ጋብቻው በተፈጸመበት ቦታ ሕግ የጸና ነው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ጋብቻው እውነተኛ ነው ወይስ ለኢሚግሬሽን ጥቅም ሲባል የተደረገ የይስሙላ ጋብቻ የሚል ነው። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 በባርክ ጉዳይ እንዳስቀመጠው መመዘኛው ተጋቢዎቹ በተጋቡበት ጊዜ አብረው ሕይወት ለመመሥረት አስበው እንደሆነ ነው። ከጋብቻ በኋላ ያለው አኗኗር የሚታየው ይህን ሐሳብ እስከሚያመለክት ድረስ ነው።

ሁለቱ ሕጎች የሚፈልጉት ነገር ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም የጋራ ሕይወትን ይመለከታሉ። የሚለያዩት ስለዚያ ሕይወት ማን ይናገር በሚለው ነው። የአሜሪካው አሠራር በግንባር ቀደምነት የሚዘረዝራቸው የጋራ ንብረት፣ በሁለቱም ስም የተጻፈ የቤት ኪራይ ውል፣ የተቀላቀለ ገንዘብና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ናቸው። ባል በሲያትል ሚስት በደሴ ሲኖሩ የጋራ ኪራይ ውል ከየት ይመጣል? ገንዘቡም በተጓዥ ሰው እጅ ወይም በዘመድ በኩል ሲላክ ኖሮ ከሆነ ደረሰኝ የለውም።

4. ልዩነቱ የሚገለጥባቸው ቦታዎች

4.1 ቀን። የቤተ ክርስቲያን ወይም የኒካህ ቀን፣ የሰርጉ ቀንና የማዘጋጃ ቤት ምዝገባው ቀን ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። ጠሪው በአይ-130 አንዱን፣ አመልካቿ በዲኤስ-260 ሌላውን ከጻፉ ሁለቱም እውነት ተናግረው ፋይሉ ግን እርስ በርሱ ይጣረሳል። የዘመን አቆጣጠር ልወጣም ተጨማሪ ስሕተት ይፈጥራል። ለምሳሌ ጥር 17 ቀን 2012 ዓ.ም. የሚውለው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ጳጉሜን ስድስት ቀን መሆኗን ያላስተዋለ ሰው ግን ጃንዋሪ 25 ብሎ ይጽፋል። የአንድ ቀን ልዩነት ብቻውን ትዳርን ባያፈርስም ለተጨማሪ ጥያቄ መነሻ ይሆናል።

4.2 ስምና ልደት። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም ስለሌለው የአባትና የአያት ስም በየቅጹ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አንድ ስም በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት መንገድ ይጻፋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ተደንግጎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ አዋቂዎች የያዙት የልደት ምስክር ወረቀት ዘግይቶ የወጣ በመሆኑ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ወይም የትምህርት ቤት መዝገብ ደጋፊ ሆነው ይጠቅማሉ።

4.3 የቀድሞ ጋብቻ። ከሁሉ የከበደው ይህ ነው። በሽማግሌ ፊት የተለያዩ ሰዎች በአካባቢያቸው ዓይን ተፋተዋል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ፍቺን የሚያጸናው በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ስለዚህ የቀድሞው ጋብቻ በሕግ ሳይፈርስ የተፈጸመው አዲሱ ጋብቻ ምንም ያህል እውነተኛ ቢሆን በጽናቱ ላይ ጥያቄ ይነሳበታል። ይህን ፈርቶ የቀድሞውን ትዳር ወይም ከእሱ የተወለደ ልጅ መደበቅ ደግሞ ሊስተካከል ይችል የነበረን የሰነድ ጉድለት ወደ ሐሰተኛ መግለጫ ይለውጠዋል።

5. ቃለ መጠይቁ፦ ገመና፣ ዝምድናና ትርጉም

አመልካቹ እውነቱን ለመናገር ከማለ በኋላ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች በይዘታቸው ቀላል ናቸው። እንዴት ተዋወቃችሁ? ማን አስተዋወቃችሁ? በሰርጉ ከእሱ ወገን ማን ተገኘ? ሥራው ምንድን ነው? ከማን ጋር ይኖራል? ቀድሞ አግብቶ ነበር? በምን ትገናኛላችሁ? ችግሩ ያለው መልሱ በሚነገርበት መንገድ ላይ ነው።

አንደኛ፣ የባልና ሚስት ጉዳይ ገመና ነው። በጨዋ ቤት ያደገች ሴት ስለ ባሏ ስትጠየቅ አጭር መልስ መስጠትን፣ ዓይንን ዝቅ ማድረግንና ዝርዝርን መተውን ተምራለች። በዚያ መስኮት ግን ቁጥብነት አለማወቅ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ተቃቅፈው የተነሱት ፎቶግራፍ አለመኖሩም ከዚሁ ይሉኝታ የመጣ እንጂ የፍቅር እጦት ምልክት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የዝምድና ቃላት ይሰፋሉ። በአማርኛ የአጎት ልጅ «ወንድሜ»፣ ያሳደገች አክስት «እናቴ» ትባላለች። ባል «ሁለት ወንድሞች አሉኝ» ብሎ በቅጹ ሲጽፍ፣ ሚስት በቤቱ ያየቻቸውን ሁሉ ቆጥራ «አራት» ብትል የሁለቱም መልስ በየራሱ ትርጉም ትክክል ነው። ቃሉ በአስተርጓሚ በኩል ሲያልፍ ደግሞ ይህ ስፋት ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ ከተዋዋቂነት ወደ ጋብቻ የሚወስደው መንገድ ይለያያል። ቤተሰብ ያስተዋወቃቸው ጥንዶች ብዙ ወራት አብረው ላያሳልፉ ይችላሉ፤ በምትኩ ሁለቱ ቤተሰቦች ተጠናንተዋል። ይህ ሂደት ካልተብራራ አጭሩ የትውውቅ ጊዜ ብቻ ይታያል፤ ከዲቪ ዕድል ጋር በተያያዘ በሚደረጉ የጥቅም ጋብቻዎች ዓይንም ሊታይ ይችላል።

6. ዝግጅት ምን ማለት ነው

በአንዳንድ ደላሎችና ጉዳይ አስፈጻሚዎች ዘንድ ዝግጅት ማለት ጥያቄና መልስ ማስጠናት ነው። ይህ በሁለት ምክንያት ይጎዳል። የተጠና መልስ ያልተጠበቀ ጥያቄ ሲመጣ ይሰበራል፤ ከዚህም በላይ እውነተኛውን ታሪክ ከተበደረ ታሪክ ጋር ያምታታል። ከላይ ከተተነተነው የሚወጣው ዝግጅት አራት ተግባራት አሉት።

ሀ. የጊዜ ቅደም ተከተል ማዘጋጀት። ጥንዶቹ የተዋወቁበትን፣ ሽማግሌ የተላከበትን፣ የሰርጉን፣ የምዝገባውንና የጉዞዎቹን ቀናት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ከአይ-130 እና ከዲኤስ-260 ቅጂዎች ጋር ያስተያያሉ። ስሕተት ከተገኘ ሳይደብቁ ማረም ይገባል።

ለ. የሰዎችን ዕውቀት በጽሑፍ ማስፈር። የአሜሪካው አሠራር የሦስተኛ ወገን ቃለ መሐላ ይቀበላል። ምስክሩ ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የትውልድ ቀኑንና ቦታውን፣ ትዳሩንም እንዴት እንዳወቀ በዝርዝር መግለጽ አለበት። «ጥሩ ባልና ሚስት ናቸው» የሚል ጥቅል ቃል ክብደት የለውም። «ለሽምግልና ከሄድነው ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ» ብሎ ዕለቱንና ቤቱን የሚገልጽ ቃል ግን ሰፈሩን ወደ ፋይሉ ያስገባል። በሁለቱ የማስረጃ ሥርዓቶች መካከል ያለው ዋና ድልድይ ይህ ነው።

ሐ. የርቀት ኑሮን አሻራ መሰብሰብ። የጉዞ ማኅተሞች፣ የባንክ ወይም የሐዋላ ደረሰኞች፣ በዋትስአፕና በቴሌግራም የተደረጉ ግንኙነቶች በየጊዜው ተመርጠው ይቀርባሉ። ለዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት የሚቀርብ የአማርኛ ሰነድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉምና ተርጓሚው ስለ ችሎታውና ስለ ትርጉሙ ትክክለኛነት የፈረመበት ማረጋገጫ ያስፈልገዋል።

መ. የአነጋገር ልምምድ። ልምምዱ መልስን ሳይሆን አቀራረብን ይመለከታል። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው መስማት፣ ካልገባ እንዲደገም መጠየቅ፣ የማያውቁትን «አላውቅም» ማለት፣ «ወንድም» ሲሉም የእናት ልጅ ወይም የአጎት ልጅ መሆኑን መለየት ናቸው።

7. የውሳኔው ክብደት

ሰነድ ሲጎድል ወይም ተጨማሪ ማጣራት ሲያስፈልግ ጉዳዩ በሕጉ አንቀጽ 221(ሰ) መሠረት ይቆያል። የተጠየቀው ሰነድ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ማመልከቻውን እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። ሹሙ ትዳሩን ከተጠራጠረ የጸደቀውን ጥያቄ ለዳግም ምርመራ ወደ አሜሪካ ሊመልሰው ይችላል፤ በዚያም ጠሪው መልስ የመስጠት ዕድል አለው። አስፈላጊ በሆነ ጉዳይ ላይ ሆን ተብሎ የተሰጠ ሐሰተኛ መግለጫ በይቅርታ ካልተነሳ በቀር ዘላቂ እገዳ ያመጣል። የይስሙላ ጋብቻ መፈጸሙ ከተረጋገጠ ደግሞ ወደፊት በእውነተኛ ትዳር የሚቀርብ ጥያቄ እንኳ አይጸድቅም።

የቆንስላን ውሳኔ በፍርድ ቤት የማስመርመር ዕድል ጠባብ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2024 በሙኞዝ ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ አንድ የአሜሪካ ዜጋ የውጭ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛው ወደ አገሪቱ እንዲገባለት የሚያስችል መሠረታዊ ሕገ መንግሥታዊ መብት እንደሌለው ወስኗል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ታሪኩ በሙላት መነገር ያለበት ከውሳኔው በፊት ነው፤ ከውሳኔው በኋላ የሚሰማው ዳኛ ላይገኝ ይችላል።

8. ማጠቃለያ

እውነተኛ ትዳር በራሱ አይናገርም፤ የሚናገሩለት ሰዎችና ሰነዶች ያስፈልጉታል። በኢትዮጵያ ሰዎቹ አሉ፤ ሰነዱ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳዩ ሲመጣ ብቻ ይፈለጋል። ጋብቻን በተፈጸመበት ሰሞን ማስመዝገብ፣ ፍቺን በፍርድ ቤት ማጽናትና የሽማግሌዎችን ቃል ሳይረሳ መጻፍ ለቪዛ ብቻ የሚጠቅሙ ተግባራት አይደሉም፤ ለውርስና ለልጆች መብትም መሠረት ናቸው። ለወደፊት ጥናት የሚመከረው ርዕስ የቃለ መጠይቅ አስተርጓሚነት ነው። በተለይም የአማርኛና የሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የዝምድና ቃላት በትርጉም የሚደርስባቸው ለውጥ ከቋንቋና ከሕግ ትምህርት ክፍሎች የጋራ ትኩረት ይሻል።