መርጃንና ብርሃን፦ ለባሕር ውኃ ገንዳ ኤልኢዲ መብራት ስንመርጥ

 

ባለፈው ሴሚስተር ከጂዳ አንድ መልእክት ደረሰን። የላከልን ከእኛው ትምህርት ክፍል ተመርቆ የሄደ ወንድማችን ነው። በሚሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ሕያው መርጃን የሚኖርበት የባሕር ውኃ ገንዳ አለ። የገንዳው ባለ 250 ዋት የድሮ መብራት ተቃጥሎ አሠሪው «አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ኤልኢዲ ምረጥልኝ» ብሎታል። እሱ ደግሞ የሦስት መብራቶች ፎቶ አንስቶ ለእኛ ላከ። እኛም ከዐስር ሶላት በኋላ ተሰብስበን አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መልስ ሰጠነው። መልሳችን ስሕተት ነበር። ስሕተቱ ምን እንዳስከተለ ወደ ኋላ እንነግራችኋለን፤ መጀመሪያ ግን ያኔ ማወቅ የነበረብንን እናስቀምጥ።

መርጃን የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሰማነው በሱረቱ አር-ረሕማን ነው። መድረሳ ላይ ሙፈሲሮች በትርጉሙ እንደተለያዩ ተምረናል፤ ከፊሎቹ ትንንሽ ሉል ነው ሲሉ ከፊሎቹ ቀይ የባሕር ጌጥ ነው ብለዋል። እዚህ የምናወራው ግን ዛሬ ዐረቦች መርጃን፣ የባዮሎጂ መጽሐፎቻችን ደግሞ ኮራል ስለሚሉት ፍጥረት ነው። ተክል የሚመስል፣ ድንጋይም የሚመስል እንስሳ ነው። ሪፍ የሚሠሩት የኮራል ዓይነቶች በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎችን ያኖራሉ። አልጌዎቹ በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ከእነሱ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ በገንዳው ላይ የሚሰቀለው መብራት የሳሎን ጌጥ አይደለም፤ ለኮራሉ ማዕድ ነው።

ማዕዱ ደግሞ ዓይነት አለው። ውኃ ቀዩን ብርሃን ቶሎ ይውጣል፤ አብዛኛው ቀይ የመጀመሪያዎቹን 10 ሜትር አያልፍም። ሰማያዊው ግን ጠልቆ ይወርዳል። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በዐቀባ ባሕረ ሰላጤ፣ ከ100 ሜትር በታች በዚያች በቀረችው ሰማያዊ ብርሃን የሚኖሩ ኮራሎች ተገኝተዋል። ሱብሓነላህ! አልጌዎቹም ከሁሉ በላይ የሚጠቀሙበት ከ420 እስከ 490 ናኖሜትር ያለውን የሞገድ ርዝመት ነው። ለኮራል የሚሠሩ ኤልኢዲዎች ሰማያዊ የሚመስሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዋናው ዳዮዳቸው ብዙ ጊዜ 450 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ነጩ የሚጨመርበት በአብዛኛው ዓሣውና ኮራሉ ለእኛ ለተመልካቾች ደስ እንዲሉ ነው። ለቤት የምንገዛው ነጭ አምፖል 6,500 ኬልቪን ከሆነ የኮራል መብራቶች ከ14,000 እስከ 20,000 ኬልቪን ተብለው ይሸጣሉ። ኬልቪን ግን ቀለሙን እንጂ መጠኑን አይነግረንም።

እኛ የወደቅነው በመጠኑ ላይ ነው። ከሦስቱ መብራቶች ባለ 165 ዋቱን መረጥን፤ ምክንያታችን ዋቱ ትልቅ መሆኑ ብቻ ነበር። ወንድማችን ሰቀለውና በግማሽ ኃይል አበራው። ከዚያ «በቂ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቀን በስልኩ አፕሊኬሽን ለክስ እንዲለካ ነገርነው። 3,500 ለክስ አለ። አንዳችን የፀሐይ ብርሃን ሲሆን 54 ለክስ ከ1 ማይክሮሞል ጋር እንደሚመጣጠን አንብቦ ስለነበር አካፈለ፤ 65 ወጣ። «ኮራሎቹ እየተራቡ ነው፤ መቶ በመቶ ክፈተው» አልነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። ለክስ የሚለካው የሰው ዓይን የሚሰማውን ብርሃን ነው። ዓይናችን በ555 ናኖሜትር፣ አረንጓዴው ላይ፣ ከሁሉ በላይ ንቁ ነው፤ በ450 ናኖሜትር ግን ንቃቱ ከዚያ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም። ኮራል ደግሞ የሰው ዓይን የለውም። ለእሱ የሚቆጠርለት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ክልል በየሰከንዱ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፎቶን ብዛት ነው፤ ይህን ፓር ይሉታል፣ መለኪያውም ማይክሮሞል ነው። እናስላው። በ450 ናኖሜትር 1 ማይክሮሞል ፎቶን 0.266 ጁል ይይዛል። በ683 አባዝተን እንደገና በ0.038 ስናባዛው 7 ለክስ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በፀሐይ ብርሃን 54 የሆነው አካፋይ በንጹሕ ሰማያዊ ብርሃን 7 ነው! የእኛ መብራት ነጭም ስለነበረበት እውነተኛው አካፋይ በሁለቱ መካከል ነው። ኋላ ላይ ወንድማችን ከአንድ የዓሣ ሱቅ ትክክለኛ የፓር መለኪያ ተውሶ ሲለካ በዚያው ቦታ፣ በዚያው በግማሽ ኃይል፣ 240 ማይክሮሞል አገኘ። እኛ 65 ያልነው ማለት ነው። መቶ በመቶ ሲከፈት 480 ሆኗል።

ስንት ይበቃ ነበር? የባሕር ገንዳ ባለቤቶች በልምድ የሚይዙት መጠን አለ። ለስላሳ ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ ትልልቅ አፍ ያላቸው ድንጋያማዎቹ ከ100 እስከ 200፣ ትንንሽ አፍ ያላቸው ቅርንጫፋማዎቹ ከ200 እስከ 350 ማይክሮሞል። በዚያ ገንዳ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓይነቶች ብቻ ናቸው። የቀኑንም ድምር እንየው፤ 150 ማይክሮሞል በቀን 10 ሰዓት ሲበራ 5.4 ሞል ነው፤ 480ው ግን 17.3 ሞል ይሰጣል። ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ብርሃን ሲበዛ አልጌው የማይጠቀምበት ኃይል ይከማችና ሥጋን የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶች ይፈጠራሉ። ኮራሉም አልጌውን ከሰውነቱ ያስወጣል። ቀለሙ የአልጌው ስለሆነ ነጭ ዐፅሙ ይታያል። ብርሃን ሲያንስ ደግሞ በተቃራኒው አልጌው ይበዛና ኮራሉ ወደ ቡናማ ያዘነብላል። ከሁለቱ የሚያስፈራው ነጩ ነው፤ ቡናማው ጊዜ ይሰጣል።

በስምንተኛው ቀን ፎቶ ደረሰን። ከሰባቱ ኮራሎች አራቱ ነጥተዋል። አሠሪው የሚሞተውን ከደመወዙ እንደሚቆርጥ ነግሮታል። ወንድማችን አንድም የወቀሳ ቃል አልጻፈልንም፤ ያ ነው ይበልጥ የከበደን። ሕክምና ሳያውቅ የሚያክም ሰው ላደረሰው ጉዳት ዷሚን እንደሚሆን በፊቅህ ደርሳችን ተምረናል። ስንማረው ሐኪም እንጂ መብራት የሚመርጥ ተማሪ ትዝ ብሎን አያውቅም ነበር። ድመት አስራ ስላስራበችው ሴት የሚነገረውን ሐዲስም የማናውቅ የለንም። ስለዚህ ከየኪሳችን አዋጥተን ድርሻችንን ላክንለት፤ ከዚያ በኋላ ነው ተቀምጠን የተማርነው።

እንግዲህ መብራት የሚመርጥ ሰው ከካርቶኑ ላይ ዋቱን ከማንበቡ በፊት ገንዳውን ይለካ። የእሱ ገንዳ 90 በ45 ሴንቲሜትር ነው፤ ስፋቱ 0.405 ካሬ ሜትር። በአማካይ 150 ማይክሮሞል ብንፈልግ 61 ማይክሮሞል በሰከንድ ያስፈልጋል። ከውኃው ወለል በመንጸባረቅ፣ በመስታወቱ በማምለጥና በውኃው በመዋጥ ግማሹ ይጠፋል ብንል 122 ይሆናል። መብራቱ ለእያንዳንዱ ጁል 1.8 ማይክሮሞል የሚሰጥ ከሆነ 68 ዋት ገደማ ይበቃል። እኛ 165 አስገዛነው። የተረፈው ብርና ኤሌክትሪክ ኢስራፍ ካልተባለ ምን ይባላል? ግማሽ ይጠፋል ያልነውም 1.8ቱም ግምት ነው፤ ሻጩ የፓር ካርታ ካለው በግምታችን ፋንታ እሱን እንያዝ። መብራቱ በስንት ሴንቲሜትር ከፍታ ተሰቅሎ፣ በስንት ጥልቀት፣ መሐል ላይና ጥግ ላይ ስንት እንደሚሰጥ የማያሳይ መብራት ዋጋው ቢረክስም ይቅርብን።

ጥጉን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠባብ ሌንስ ያለው መብራት መሐሉን አቃጥሎ ዳሩን ያስርባል፤ ረዘም ላለ ገንዳ አንድ ኃይለኛ መብራት ከመስቀል ሁለት መለስተኛ መስቀል ይሻላል፤ ጥላውም ይቀንሳል። ሰማያዊውና ነጩ ለየብቻ የሚቀነሱ ቢሆኑ፣ ጧት ቀስ ብሎ የሚበራ ማታ ቀስ ብሎ የሚጠፋ ሰዓት ቢኖረው መልካም ነው። ሌሊቱን ግን ይጥፋ፤ ጨለማም የኮራል ሐቅ ነው። ኤልኢዲ አይሞቅም የሚሉ አሉ፤ ወደ ውኃው የሚልከው ሙቀት ከድሮው መብራት በጣም ያነሰ ነው እንጂ ዳዮዱ ራሱ ይሞቃል። ማቀዝቀዣ ብረቱ ከባድ፣ ፋኑ የሚጸዳ መሆኑን እዩ፤ የባሕር ውኃ ጨው ፋን ውስጥ ሲገባ ይበላዋል። ፓወር ሰፕላዩ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል ይሁን። ገመዱ ከሶኬቱ በታች ወረድ ብሎ ታጥፎ ከዚያ ወደ ሶኬቱ ይውጣ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። ከውኃ አጠገብ ያለ ኤሌክትሪክ ሁሉ ደግሞ ፍሳሽ ሲያገኝ ራሱ በሚቆርጥ ብሬከር ሥር መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አዲስ መብራት ሲሰቀል፣ ትክክለኛውም ቢሆን፣ ከታሰበው መጠን በሲሶው ይጀመርና በአራት ወይም በስድስት ሳምንት ቀስ እያለ ይነሣ። ኮራል ለአዲስ ብርሃን አልጌውን የሚያስተካክለው በሳምንታት እንጂ በቀን አይደለም።

ወንድማችን ያንኑ ባለ 165 ዋት መብራት ወደ 20 በመቶ አውርዶ፣ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ እንደገና ለካ፤ ኮራሎቹ ባሉበት 90 ማይክሮሞል አገኘና በዚያው ተወው። ከነጡት አራቱ ሁለቱ ሞቱ። ሁለቱ ከሰባት ሳምንት በኋላ ከሥራቸው አረንጓዴ ማውጣት ጀምረዋል፤ አልሐምዱሊላህ። አሁን በአምስተኛው ሳምንት የተነሣውን ፎቶ ከዛሬው ጋር እያስተያየን ነው፤ መብራቱን ከፍ ማድረግ ያለበት መቼ እንደሆነ ገና አልመለስንለትም።

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ። ገንዳው 60 በ60 ሴንቲሜትር ነው፣ ቅርንጫፋማ ኮራሎች ይኖሩበታል፣ በአማካይ 250 ማይክሮሞል ተፈልጓል፣ መብራቱ ለአንድ ጁል 2 ማይክሮሞል ይሰጣል፣ የሚጠፋው ደግሞ 40 በመቶ ነው። ስንት ዋት ይበቃል? በቀን 9 ሰዓት ሲበራስ ስንት ሞል ይደርሰዋል? መልሳችሁን ሐሙስ ከመግሪብ በኋላ ይዛችሁ ኑ። ከግብርና ክፍል ያላችሁ ደግሞ ግሪንሃውሱ ውስጥ ያለውን የፓር መለኪያ ለአንድ ምሽት ማስፈቀድ ከቻላችሁ፣ የስልኩን አፕሊኬሽን ከጎኑ አድርገን በሰማያዊ መብራት ሥር እንለካለን ኢንሻአላህ።