ከዶርም ከመውጣትሽ በፊት

ለእህቴ ልጅ፤

«አክስቴ፣ ዶርም አንገሸገሸኝ፤ ከግቢ ወጥቼ ልከራይ ነው» ብለሽ ከባሕር ዳር ስትደውዪ እናትሽ አኮረፈች። እኔ ግን ሁለት ዓመት ዶርም፣ አንድ ዓመት ኪራይ ቤት ሆኜ ስለተማርኩ ማኩረፍ አልሆነልኝም። የማውቀውን ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ ያንገሸገሸሽን ለይተሽ እወቂው። ጫጫታው ከሆነ ጥናትሽን ላይብረሪ አድርጊ። ከክፍልሽ ልጅ ጋር አለመግባባት ከሆነ ፕሮክተሯን ክፍል እንድትቀይርልሽ ጠይቂያት። ምግቡ ከሆነ ደግሞ አልጋሽን ሳትለቂ ነን ካፌ ሆነሽ የምግብሽን በጀት በገንዘብ መቀበል ይቻላል። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፤ ሆኖም በዛሬ ገበያ ብቻሽን ምግብ ቤት ከተመላለስሽበት አያዛልቅሽም፤ ከጓደኞችሽ ጋር አዋጥታችሁ ብሉበት።

2. ዶርም ስትለቂ የምትተዪው አልጋ ብቻ አይምሰልሽ። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ በፈተና ሰሞን ሌሊት ወባ ጣለኝ። ከላዬ የምትተኛዋ ከከፋ የመጣች ልጅ ነበረች፤ እኔ ስንቀጠቀጥ አልጋው አብሮ ሲነቃነቅ ነቃች። የራሷን ብርድ ልብስ ደርባልኝ፣ አብራን የምትኖረውን የወሎ ልጅ ቀስቅሳ፣ ግራና ቀኝ ደግፈው ክሊኒክ አደረሱኝ። ጠዋት ስመለስ በሶ በጥብጠው፣ በጆግ ከድነው ሎከሬ ላይ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ። እስከ ዛሬ ሲከፋኝ የምደውለው ለእነሱ ነው። በዓመቱ ወባው ሲመለስብኝ ኪራይ ቤት ነበርኩ፤ የሚሰማኝ ሰው ስላልነበረ ግድግዳ ይዤ አነጋሁ። አንደኛ ዓመት ብትሆኚ ኖሮ ለዚህ ብቻ ስል «አይሆንም» እልሽ ነበር። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነሽ፤ ሌላውንም ስሚኝ።

3. ኪራዩን ብቻ አትቁጠሪ። ፍራሹን፣ ምድጃውን፣ ድስቱን፣ ጄሪካኑን፣ የደላላውን፣ የመብራቱን፣ የባጃጁን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊ። ብዙ ልጆች የሚረሱት ዕረፍቱን ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ቤተሰብ ጋ ሆነሽ ወይ ለባዶ ክፍል ትከፍያለሽ፣ ወይ ለቀሽው ስትመለሺ እንደገና ደላላ ስታሳድጂ ትከርሚያለሽ።

4. መንገዱን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ሂጂበት፤ በቀን ያየሽው አይቆጠርም። የመንገድ መብራት አለ? ሱቆቹ ክፍት ናቸው? ባጃጅ ይገኛል? በሩስ ስንት ሰዓት ይቆለፋል? የእኔ አከራይ ሁለት ሰዓት ላይ ስለምትቆልፍ፣ ላይብረሪው ገና ሞልቶ እያለ ደብተሬን ሰብስቤ እሮጥ ነበር። ነፃነት ፈልጌ ወጥቼ ከዶርም የባሰ ቁልፍ ገጠመኝ። የዚያ ሴሚስተር ውጤቴ ወረደ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

5. ውል በጽሑፍ ያዢ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ ቀበሌ ሄደሽ ጠይቂ።

6. ወጪ መጋራቱን አትርሺ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ይፈርማል። ዶርም ከለቀቅሽ ለተማሪዎች አገልግሎት በጽሑፍ አሳውቂ፤ ያልተኛሽበት አልጋ ዕዳ ሆኖ እንዳይጻፍብሽ።

7. ብቻሽን አትውጪ። ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ፣ ከግቢሽ ከፔዳ በር በእግር አሥር ደቂቃ የማይርቅ፣ ውሃ ያለው፣ ማታ በሩ የሚከፈትላችሁ ክፍል ካገኛችሁ የመጀመሪያውን ወር ድርሻሽን እኔ እከፍላለሁ፤ እናትሽንም አነጋግራለሁ። ካላገኛችሁ ግን ዘንድሮን እዚያው ዶርም ጨርሺ። ለማንኛውም መንገዱን በማታ አይተሽ ደውይልኝ፤ ስልኬን ከጎኔ አድርጌ እጠብቃለሁ።